«አይገድልም» የተባለው መሣሪያ፦ ፖሊስ በሰላማዊ ሰልፍ ላይ እስከ የት መሄድ ይችላል?

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንደኛ ፎቅ ያለች ጎረቤት ሚጥሚጣ ታምሳለች። ብዙም ሳይቆይ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ማስነጠስ ይጀምራል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ደረጃው ላይ ዓይናቸውን እያሹ ይሮጣሉ። አስም ያለበት ቤት የበሩን ስር በጨርቅ ይወትፋል። ሴትየዋ ማንንም ልትጎዳ አላሰበችም። ጭሱ ግን በር አይመርጥም። እኛ ብሎክ አንድ ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ብዙ ተጨቃጭቀን የወሰንነው ይህን ነው፦ ቀድሞ ይነገር፣ መስኮት ይከፈት፣ ኮሪደር ላይ አይታመስ።

ሳናውቀው ስለ አስለቃሽ ጭስ የተጻፈውን ዓለም አቀፍ ደንብ ሦስት አንቀጽ ደግመነዋል።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ፖሊስ የሚረጨው የበርበሬ ስፕሬይ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር ሚጥሚጣችን ውስጥ ያለው ያው ነው። ካፕሳይሲን ይባላል። ልዩነቱ ተጣርቶ እጅግ እንዲበረታ መደረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ናይሮቢ፣ በ2025 ደግሞ ሎስ አንጀለስና ቺካጎ ሲጨሱ ስልካችን ላይ አይተናል (ከዚህ በታችም የውጭ አገር ቀንና ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ከቪዲዮዎቹ ስር ያለው ክርክር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ጥይት አልተኮሱ፤ ጭስ ነው፣ ምን ያስጮኻል?» ይላል። ሌላው «ፖሊስ ሰልፍ ላይ ድርሽ ማለት የለበትም» ይላል። ደንቡ የሚለው ከሁለቱም ይለያል።

ስማቸው ለምን ተቀየረ?

ድሮ «የማይገድሉ መሣሪያዎች» ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ፖሊስ የኃይል አጠቃቀም መርሆዎች ሲያጸድቅ የተጠቀመው ይህን ስም ነው። የድርጅቱ የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ስሙ ተለወጠ። «ገዳይነታቸው ያነሰ» ሆነ። በሁለቱ ስሞች መካከል ሠላሳ ዓመትና ብዙ ሬሳ አለ።

ከምን ያነሰ? ከክላሽ። ስሙ ንጽጽር ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። አስለቃሽ ጭስ፣ የጎማ ጥይት፣ ውሃ የሚረጭ መኪና፣ የድምፅ ቦምብ፣ የበርበሬ ስፕሬይ፣ በኤሌክትሪክ የሚያንዘረዝረው ቴዘር፣ ቆመጥም ሳይቀር እዚህ ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ሁሉም በትክክል ከተያዙ አብዛኛውን ጊዜ አይገድሉም። ያለ ቦታቸው ከዋሉ ግን ይገድላሉ። ገድለዋልም።

ታዲያ ለምን አስፈለጉ?

ይህን ለመረዳት ምርጫ 97ን ማስታወስ ይበቃል። ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ በነበረው ተቃውሞ የተገደሉት ሲቪሎች 193 እንደሆኑ፣ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ቆጥሯል። ፖሊሶችም ሞተዋል። አብዛኞቹን የገደለው ጥይት ነው። በእጁ ዱላና ጠመንጃ ብቻ ያለው ኃይል፣ ዱላው አልበቃ ሲለው ወይም ሲፈራ፣ የቀረው ምርጫ ያው አንድ ነው።

በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቁት መርሆዎችም የተነሡት ከዚሁ ነው። መንግሥታት ለፖሊስ ከዱላ የሚያልፍ፣ ከጥይት የሚያንስ መሣሪያ እንዲያቀርቡ ያበረታታሉ። ጋሻና የራስ ቁርም ይጨምራሉ፤ ራሱን የሚከላከልበት ያለው ፖሊስ ቶሎ አይተኩስም። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ጥሩ ነው።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ጥይትን ይተካል የተባለው መሣሪያ፣ ጥይት ጨርሶ በማይታሰብበት ቦታ መዋል ጀመረ። መንገድ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ላይ። ዝማሬ ላይ። «አይገድልም» የሚለው ስም እጅን ያቀላል። በእኔ እይታ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

«ሰላማዊ» የሚባለው የቱ ሰልፍ ነው?

ብዙ ሰው «ፈቃድ ያለው» ብሎ ይመልሳል። አይደለም።

የዓለም አቀፉን የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚተረጉመው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ላይ ስለ ሰላማዊ መሰብሰብ መብት አንድ ረዥም ማብራሪያ አውጥቷል። ቁጥር 37 ይሉታል። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ተቀብላለች፤ አሜሪካም፣ ኬንያም፣ እስራኤልም እንዲሁ። ማብራሪያው ሰልፍ ሁሉ ሰላማዊ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ዓመፅ የሚባለው ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ወይም ንብረት ላይ ከባድ ጥፋት የሚያስከትል አካላዊ ኃይል ነው። መገፋፋት ዓመፅ አይደለም። መንገድ መዝጋት፣ ታክሲ ማቆም፣ ገበያ ማስተጓጎልም በራሱ ዓመፅ አይደለም።

ሌላም ነጥብ አለው። ከሺህ ሰው መሀል አምስቱ ድንጋይ ቢወረውሩ፣ ጥፋቱ የአምስቱ ነው። የቀሩት 995 ሰላማዊ ሰልፈኞች ናቸው። ፖሊስ ወርዋሪዎቹን ለይቶ መያዝ እንጂ ሁሉንም ማጨስ አይጠበቅበትም።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰለፍ መብትን ይደነግጋል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ደግሞ አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ማሳወቅ ነው የሚለው። በንግግራችን ግን «ሰልፍ ተፈቀደ፣ ተከለከለ» እያልን ቃሉን ቀይረነዋል። ሳያሳውቁ መውጣት አዘጋጁን ሊያስጠይቅ ይችላል። በኮሚቴው ማብራሪያ መሠረት ግን ይህ ብቻውን ሰልፈኛው ላይ ጭስ ለመተኮስ ምክንያት አይሆንም።

ፖሊሱ ከመተኮሱ በፊት ራሱን ምን መጠየቅ አለበት?

በየአገሩ ያሉት ደንቦች ቃላቸው ቢለያይም ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ሕጋዊነት፣ አስፈላጊነት፣ ተመጣጣኝነት የሚባሉ ሦስት ቃላት ሁሉም ውስጥ አሉ። ከባድ ይመስላሉ እንጂ የሰፈር ዘበኛም ይገቡታል።

ዘበኛው ሱቅ በር ላይ ቆሟል። አንድ ልጅ ማስቲካ ሰርቆ ሊሮጥ ነው። ሕጋዊነት ማለት «ይህን እንዳደርግ ሥልጣን አለኝ ወይ? በዚህ መሣሪያስ እንድጠቀም ተፈቅዶልኛል?» ማለት ነው። አስፈላጊነት፦ «በሩን ብዘጋ አይበቃም?» ነው። ተመጣጣኝነት ደግሞ፦ ሌላ መንገድ ባይኖርም እንኳ ለማስቲካ ተብሎ የልጅ እግር አይሰበርም። ልጁ ያመልጥ።

የመጨረሻው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ፖሊስ ሰልፉን ለመበተን ከጭስ ሌላ አማራጭ የለውም እንበል። ሰልፉ ማንንም እስካልጎዳ ድረስ መልሱ «ጭስ ልጠቀም» ሳይሆን «ሰልፉ ይቀጥል» ሊሆን ይችላል። አማራጭ ማጣት ለብቻው ፈቃድ አይሰጥም።

አስለቃሽ ጭስ፦ ችግሩ ጭሱ ነው ወይስ መውጫው?

በመጀመሪያ፣ ጭስም ጋዝም አይደለም። ሲኤስ የሚባለው ዋናው ዓይነት ደቃቅ ዱቄት ነው። ስሙ የመጣው በ1928 ካገኙት ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች፣ ከኮርሰንና ከስቶተን የስም መነሻ ፊደል ነው። የታሸገበት ቆርቆሮ ሲፈነዳ ዱቄቱ ይበንናል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉሮሮ ላይ ያሉትን የሕመም ነርቮች ይቀሰቅሳል። እንባ፣ ንፍጥ፣ ሳል፣ የመታፈን ስሜት። ንጹሕ አየር ያገኘ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ይሻለዋል።

«ንጹሕ አየር ያገኘ» የምትለዋን ያዙልኝ።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ። ለኢሬቻ የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በአንድ በኩል ሐይቁ አለ። አቅራቢያው ላይ ጥልቅ ገደል መሰል ቦይ አለ። ተቃውሞ ተነሣ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ የተኩስ ድምፅም ተሰማ። ሕዝቡ ሸሸ። ቦዩ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር ከ50 በላይ መሆኑን ተናገረ፤ ተቃዋሚዎችና የመብት ድርጅቶች ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል አሉ። ብዙዎቹን የገደለው የጭሱ መርዝ አይደለም። የሚሮጡበት መሬት ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ በስታዲየም ብዙ ጊዜ ተደግሟል። አክራ በ2001፦ ደጋፊዎች ወንበር ሲወረውሩ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ 126 ሰው ሞተ። ኢንዶኔዥያ፣ ማላንግ ከተማ በ2022፦ 135። በሁለቱም ቦታ ሰው የሞተው ደረጃና በር ላይ ተረጋግጦና ታፍኖ ነው። የፊፋ የስታዲየም ደህንነት ደንብ ሜዳ ላይ ይህን ጋዝ መያዝም ሆነ መጠቀም ይከለክላል።

የባሰውም አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2013 ግብፅ ውስጥ በተቆለፈ የፖሊስ መኪና ውስጥ አስለቃሽ ጭስ ተለቀቀ። 37 እስረኞች ሞቱ። ለዚህ ነው የኮሚቴው ማብራሪያ በማያሻማ ቃል ዝግ ቦታ ውስጥ አስለቃሽ ጭስ አይዋል የሚለው። ክፍት ቦታም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የመጨረሻ አማራጭ ሲሆን፣ በቃል ከተነገረ በኋላ፣ ሰው ለመውጣት በቂ ጊዜ ካገኘ። ጭሱ ጥፋተኛን ከሕፃን አይለይማ።

ቆርቆሮው ራሱም ጉዳይ ነው። ሲፈነዳ የሚያቃጥል የብረት ዕቃ ነው። በታኅሣሥ 2018 ማርሴይ ውስጥ አንዲት የ80 ዓመት እናት ከታች ሰልፍ ሲጨስ የአራተኛ ፎቅ መስኮታቸውን ሊዘጉ ቆሙ። ቆርቆሮው ፊታቸውን መታቸው። በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ሰልፍ አልወጡም። መስኮት ነበር የሚዘጉት። በ2019 ባግዳድ ውስጥ ደግሞ ከተለመደው የከበዱ የወታደር ቆርቆሮዎች ሰው ላይ በቀጥታ ተተኩሰው የራስ ቅል ሰብረዋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ወደ ሰው አካል፣ በተለይ ወደ ራስ፣ ፈጽሞ አይተኮስም።

በጦርነት የተከለከለ ነገር ከተማ ውስጥ እንዴት ይፈቀዳል?

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ እውነትም ነው። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የኬሚካል ጦር መሣሪያዎች ስምምነት አስለቃሽ ጭስን እንደ ጦርነት ስልት መጠቀምን ይከለክላል። ያው ስምምነት ለአገር ውስጥ ሕግ ማስከበር ግን ይፈቅዳል።

ምክንያቱ ጭሱ ለወታደር ክፉ፣ ለሲቪል ደግ ስለሆነ አይደለም። የጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው ደመና ሲመጣበት አስለቃሽ ይሁን ገዳይ በምን ያውቃል? ተሳስቶ በገዳዩ ይመልሳል። ከዚያ ማቆሚያ የለውም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1925 ተፈርሞ ነበር። ጣሊያን ፈራሚ ሆና ሳለ እ.ኤ.አ. ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ ሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አፍስሳብናለች። ክልከላ ወረቀት ላይ መኖሩና መከበሩ ሁለት ነገር መሆኑን ቀድመን ነው ያየነው።

የጎማ ጥይት እውነት ጎማ ነው?

አንዳንዴ ብቻ። አጀማመሩ ሆንግ ኮንግ ነው፤ የእንግሊዝ ፖሊስ እዚያ በእንጨት ጥይት ይጠቀም ነበር። በ1970 ሐሳቡ ሰሜን አየርላንድ ደረሰና እንጨቱ በጎማ ተተካ። መመሪያው መሬት ላይ አንጥረህ እግር ምታ የሚል ነበር። መሬት የነጠረ ነገር ግን የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ኳስ የተጫወተ ሁሉ መልሱን ያውቃል። በጎማና በኋላ በተተካው የፕላስቲክ ጥይት እዚያ 17 ሰው ሞቷል፤ ግማሽ ያህሉ ልጆች ናቸው። አሁን የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ አንጥሮ መተኮስን አይቀበልም።

የጎማ ጥይት ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ቅርብ ሲሆን ኃይሉ እንደ ጥይት ይሆናል። ሩቅ ሲሆን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ግን ይስታል፤ እግር የታለመው ዓይን ያገኛል። አደጋ የሌለበት ርቀት የሚባለው ጠባብ ነው፤ ሰው በሚራወጥበት ጎዳና ላይ ደግሞ ማንም ሜትር ይዞ አይለካም። በ2017 ሐኪሞች ከ1990 ጀምሮ የወጡ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ አዩ። በእነዚህ ጥይቶች ከተጎዱ 1984 ሰዎች ውስጥ 53ቱ ሞተዋል። 300 የሚሆኑት ቋሚ የአካል ጉዳት አግኝቷቸዋል።

ቺሊን እዚህ ጋ ማንሣት ግድ ነው። በ2019 በአንድ የተቃውሞ ወቅት ብቻ ከ400 በላይ ሰዎች ዓይናቸው ላይ ጉዳት ደረሰ። ፖሊስ «ጎማ ነው» ይል ነበር። የቺሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍሬዎቹን ወስደው መረመሩ። ጎማው ሃያ በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው እርሳስን ጨምሮ ጠጣር ማዕድን ነው። ከዚህ በኋላ ፖሊስ በሰልፍ ላይ መጠቀሙን አቆምኩ አለ። በአንድ ቀለህ ውስጥ 12 ፍሬ ነው ያለው፤ ሲተኮስ ይበተናል። አንዱን ድንጋይ ወርዋሪ ብታልም አሥራ አንዱ የማን ናቸው?

የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ስለዚህ እንዲህ ይላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬ የሚረጭ አይዋል። የብረት ፍሬ ፈጽሞ አይዋል። የሚተኮሰው ሌላ ሰው ላይ ወይም ፖሊሱ ላይ አሁን ጉዳት ሊያደርስ ባለ አንድ የታወቀ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ እግር ወይም ወደ ታችኛው ሆድ። «ሕዝቡን ለመበተን» የሚል ምክንያት እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሰኔ 17 ቀን 2025 ናይሮቢ መሀል ከተማ የሆነውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። የአፍና አፍንጫ ጭምብል የሚሸጥ ወጣት ከሁለት ፖሊሶች ጋር ይነታረካል። ዘወር ሲል አንዱ በቅርብ ርቀት ራሱ ላይ ተኮሰ። የኬንያ ፖሊስ ራሱ ባወጣው መግለጫ፣ የተተኮሰው ለአድማ በታኝ በሚሰጥ ሾትገን እንደሆነና ልጁ መሣሪያ እንዳልያዘ አምኗል። ልጁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ውሃስ? የድምፅ ቦምብስ?

ውሃ ውሃ ነው ብሎ ማቅለል ይቀናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሽቱትጋርት፣ ጀርመን ውስጥ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ፓርክ ውስጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ከወጡት ጋር ነበር። ከመኪናው የተወረወረው ውሃ ሁለቱን ዓይኖቹን መታው፤ ብርሃኑን አብዛኛውን አጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የፖሊሱ ዘመቻ ሕገወጥ ነበር አለ። ለንደን ደግሞ በ2014 ሦስት አሮጌ የውሃ መኪናዎች ከጀርመን ገዛች። የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ በ2015 መጠቀም ከለከለች። መኪናዎቹ አንድም ቀን ሰው ላይ ሳይረጩ በ2018 ለቁራሌ ተሸጡ።

የድምፅ ቦምብ ብልጭታና ፍንዳታ ነው። ሥራው ማደንገጥ ነው። የደነገጠ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል። ቴዘር ደግሞ ለሰልፍ ጨርሶ የተሠራ አይደለም።

ማስጠንቀቂያው ከኋላ ላለው ሰው ይሰማል?

ሕጉን በዝርዝር ከጻፉት አንዷ ካሊፎርኒያ ናት። በጆርጅ ፍሎይድ ሞት ከተነሣው የ2020 ተቃውሞ በኋላ የወጣው ሕግ ከጥር 2022 ጀምሮ ይሠራል። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ «ሊትል ኢትዮጵያ» አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ የራሱ ሕግ ነው።

ሕጉ የጎማ ጥይትና አስለቃሽ ጭስን ሰልፍ ለመበተን መጠቀምን ይከለክላል። ከዚያ በሩን ትንሽ ይከፍታል፦ ሕይወት ወይም አካል ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር፣ ወይም አደገኛና ሕገወጥ የሆነ ሁኔታን ለመቆጣጠር። ያኔም ቢሆን ተኳሹ የሠለጠነ መሆን አለበት። አስቀድሞ ነገሩን ለማብረድ መሞከር አለበት። ማስታወቂያው ተደጋግሞ፣ የሚሰማ ሆኖ፣ እንዳስፈላጊነቱ በተለያየ ቋንቋ መነገር አለበት። ሰው ሰምቶ የሚወጣበት ዕድል ይሰጠዋል። ራስና አንገት አይታለምም። ጋዜጠኛና ሐኪም እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። የተመታ ሕክምና ያገኛል። የሰዓት እላፊ ተጣሰ፣ በቃል ተዛተ ወይም ትእዛዝ አልተከበረም ተብሎ ብቻ አይተኮስም። በኋላም ምን እንደተተኮሰና ለምን፣ በ60 ቀን ውስጥ ለሕዝብ ይገለጻል።

ከሁሉ የምወደው የቋንቋዋን ነገር ነው። በእንግሊዝኛ «ተበተኑ» ሲባል ያልገባቸው እናት እምቢተኛ አይደሉም። አልሰሙም፤ ያ ነው።

ሕጉ ግን የሚያዘው የካሊፎርኒያን ፖሊስ ነው። በ2025 ሎስ አንጀለስ ላይ ከስደተኞች አፈሳ ጋር ተያይዞ በተነሣው ተቃውሞ የፌደራል ኃይሎችም ነበሩ፤ ለእነሱ ሌላ ክስ፣ ሌላ ዳኛ አስፈለገ። አንዲት የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ዘጋቢ በቀጥታ ስትዘግብ እግሯን በጎማ ጥይት የተመታችውም ያን ሰሞን ነው።

ደንቡ ሲጣስ ማን ይናገራል?

ዴንቨርን እንይ። ሰኔ 2020 ላይ አንድ የፌደራል ዳኛ ፖሊስ ያለ ከፍተኛ አዛዥ ፈቃድ ጭስም ጥይትም እንዳይተኩስ፣ የደረት ካሜራውንም እንዳያጠፋ አዘዘ። በ2022 ደግሞ የሕዝብ ዳኞች ለ12 ሰልፈኞች 14 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ቺካጎ ግን ሌላ መልክ አላት። በኅዳር 2025 ዳኛ ሣራ ኤሊስ በፌደራል ወኪሎች ላይ ሰፊ ገደብ ጣለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እጅግ ሰፊ ነው ብሎ አገደው። በኬንያም በሰኔ 2024 የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በሰላማዊ ሰልፈኛ ላይ ውሃ፣ አስለቃሽ ጭስ፣ የጎማና እውነተኛ ጥይት እንዳይተኮስ አዘዘች። ከዓመት በኋላ ያ ጭምብል ሻጭ ተመታ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጎዳና ላይ ለመድረስ ረዥም መንገድ አለው።

አንዳንዴ ገደቡ የሚመጣው ከአጣሪ ኮሚሽን ነው። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ፖሊስ 13 ሰው ከገደለ በኋላ የተቋቋመው የኦር ኮሚሽን በ2003 ጎማ የተለበጠ የብረት ጥይት ለሰልፍ አይሆንም አለ። ፖሊስም ወደ ስፖንጅ ጥይት ዞረ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 2015 ግን ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሌላ ነበር። የወጡት፣ ወታደራዊ ዩኒፎርም የለበሰ የእነሱን ልጅ ሁለት ፖሊሶች ሲደበድቡት የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ ነው። ቀኑን በሰላም ውሎ ማምሻው ላይ ድንጋይና ጠርሙስ ከአንድ ወገን፣ የድምፅ ቦምብና የውሃ መኪና ከሌላው ሆነ። በሁለቱም በኩል በደርዘን የሚቆጠሩ ተጎዱ። አንዱ መሣሪያ ሲከለከል ሌላው ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ የገደቡ ቁም ነገር የመሣሪያው ስም ላይ ሳይሆን መቼ፣ በማን ላይ፣ ከስንት ሜትር የሚለው ላይ ነው።

ድንገት መሀሉ ብገባስ?

ዱቄቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ከፍታና ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይሂዱ። ወደ ግቢ ወይም ወደ ጠባብ መተላለፊያ አይግቡ። ቆርቆሮውን በእጅ አያንሡ፤ ያቃጥላል። ዓይን በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ኮንታክት ሌንስ ወዲያው ይወጣል። አስም ያለበት ሰው ትንፋሹ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ይሂድ። የጎማ ጥይት ራስ፣ ደረት ወይም ሆድ ላይ የመታው ሰው ደህና ነኝ ቢልም ይታይ፤ ቆዳው ሳይቀደድ ውስጡ ሊደማ ይችላል።

ኋላ መክሰስ ወይም አቤቱታ ማቅረብ ለሚፈልግ፣ የወደቀው ቆርቆሮ ላይ ያለው ጽሑፍና ቁጥር ፎቶ ይነሣ። ምን እንደተተኮሰ፣ መቼ እንደተመረተ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ አለ። የሐኪም ወረቀት ላይ ሰዓትና ቀን ይጻፍ።

ቤት ሲደርሱ ልብስዎን በር ላይ አውልቀው ፌስታል ውስጥ ያስሩት። ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ዓይንዎን ደግሞ አይሹት፤ ሚጥሚጣ በነካ እጅ እንደማያሹት ማለት ነው።